የእንቅልፍ አደራ

ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ወደ ኒው ዮርክ አቅራቢያ የሚጓዝ አንድ ከባድ መኪና በሐሳባችን እንከተል። ተሳቢው 53 ጫማ ይረዝማል፤ ጭነቱ የካሊፎርኒያ ሰላጣና እንጆሪ ነው እንበል፤ ሕጉ ያለ ልዩ ፈቃድ ከነጭነቱ ከ80,000 ፓውንድ በላይ እንዳይመዝን ወስኖበታል፤ የሚሄድበትም ጎዳና 80 ቁጥር የሚባለው፣ ርዝመቱ 2,900 ማይል ያህል የሆነው፣ አሜሪካን ከምዕራብ ጠረፍ እስከ ኒው ጀርሲ የሚያቋርጠው ታላቅ መንገድ ነው። መሪውን የያዘው ባል ነው፤ ሚስቱ ከጋቢናው በስተኋላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ በጠባቡ መኝታ ላይ ተኝታለች። ሲነጋ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ እርሷ መሪውን ትረከባለች፣ እርሱም የእርሷ ገላ ሙቀት ገና ካልለቀቀው አንሶላ ውስጥ ይገባል። እንዲህ በየተራ እየተኙና እየነቁ፣ መኪናው ናፍጣ ለመቅዳትና ጥቂት እግር ለማፍታታት ካልሆነ በቀር ሳይቆም፣ የኔቫዳን በረሓ፣ የዋዮሚንግን ደጋ፣ የነብራስካን ሜዳ አልፎ በሦስተኛው ቀን ከተባለው ስፍራ ይደርሳል።

ይህን አነዳድ በዚያ አገር «ቲም» ይሉታል፤ ከከባድ መኪና ሥራ የገቡ ወገኖቻችንም ቃሉን እንዳለ ወስደውታል። ባልና ሚስት ሆነው ይህን እንደ አዲስ ሙያ የሚጀምሩት ብዙ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸው አድገው ከቤት የወጡላቸው አሉ፣ ዕድሜ ሳይገፋ አገሩን ዞረን እንየው የሚሉ አሉ፣ በሆቴልና በፋብሪካ ሥራ የደከሙ አሉ፣ ከእኛ ሰዎችም በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ገበያው ሲቀዘቅዝባቸው ወደ ትልቁ መሪ የተሻገሩ አሉ። ትምህርቱ የጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ መንጃ ፈቃድ፣ ከዚያም ልምድ ካለው ሾፌር ጋር ጥቂት መንገድ። ክፍያው ብዙውን ጊዜ በማይል ስለሚቆጠር ሁለቱ የነዱት ማይል ሁሉ ከአንድ ቤት ይገባል። ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ከእኔ ይልቅ አስልተው የሚያስረዱ ሞልተዋል። እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፣ ሌሊትና ቀን ሳይለያዩ በአንድ ጋቢና ውስጥ የሚኖሩ፣ ነገር ግን አንዱ ሲነቃ ሌላው የሚተኛ ባልና ሚስት፣ አብረው ናቸው ወይስ ተለያይተዋል የሚለው ነው።

ጥያቄውን በቅጡ ለመያዝ አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የከባድ መኪና ነጂን የሥራ ሰዓት በደንብ ወስኗል፤ ዛሬ የሚሠራበትም ደንብ አንድ ሾፌር 10 ሰዓት ያለማቋረጥ ካረፈ በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ ያንንም 11 ሰዓት ሥራ ከጀመረበት ደቂቃ አንሥቶ ባሉት 14 ሰዓቶች ውስጥ እንዲጨርስ ያዝዛል። የደንቡ መነሻ፣ ሥጋ ድካም ያለበት ፍጡር መሆኑን ማመን ነው፤ ሰው ቢምልም ቢገዘትም እንቅልፍን እስከ መጨረሻው ሊያሸንፈው አይችልምና። ነገር ግን ሕጉ ያሳረፈው ሰውየውን እንጂ መኪናውን አይደለም። ብቻውን የሚነዳ ሾፌር በቀን 600 ማይል ያህል ቢሄድ ይህን መንገድ በአምስት ቀን ይጨርሰዋል፤ ሁለት ሲሆኑ ግን የአንዱ ዕረፍት በሌላው ሥራ ላይ ስለሚደረብ አምስቱ ቀን ወደ ሁለት ቀን ተኩል ይወርዳል። ንግድ ብልኅ ነው፤ ሕጉን ሳይሽር በሕጉ መካከል የሚያልፍበትን ቀዳዳ አገኘ፤ ለሰው የተሰጠው ዕረፍት እንዳለ ሆኖ የመኪናው ዕረፍት ቀረ።

እዚህ ላይ የአባቶቻችንን የሲራራ ንግድ ማስታወስ ይገባል። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምጽዋ የሚወርድ ነጋዴ የቱንም ያህል ቢቸኩል አጋሰሱ ሲደክም ይቆም ነበር፤ ጭነት ይራገፋል፣ እሳት ይነዳል፣ ጌታም ሎሌም በቅሎም በአንድ ሰፈር ያድራሉ። የበቅሎዋ ድካም ራሱ ሕግ ነበረ፤ ማንም ደንብ ሳይጽፍላት ሰዎቹን በአንድ እሳት ዙሪያ ትሰበስባቸው ነበር። የሰንበትም ነገር እንዲሁ ነው። በሙሴ ሕግ ዕረፍቱ የታዘዘው ለቤቱ ጌታ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹ፣ ለአገልጋዮቹ፣ ለመጻተኛው፣ ለበሬውና ለአህያው ጭምር ነው፤ ሰንበት የድካም መድኃኒት ብቻ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ በደከመው ጊዜ ለብቻው ቢያርፍ በበቃው ነበር፤ ነገር ግን ቤት ሁሉ በአንድነት የሚያርፍበት ሆኖ ተሠራ። የእኛም አባቶች ስለ ዕለቱ እንዴት እንደ ተከራከሩ ታሪክ ይመሰክራል፤ ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር በማለታቸው ብዙ ዘመን ሲሰደዱ ኖረው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። በዚያ ሁሉ ረጅም ክርክር ውስጥ የሚያጣላው በየትኛው ቀን እንረፍ የሚለው ነበር እንጂ፣ በየተራ እንረፍ የሚል ወገን አልተነሣም።

ዛሬ በየመኪናው የተተከለው የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ የሾፌሩን ቀን በአራት መስመር ይከፍለዋል፤ ከሥራ ውጭ፣ በመኝታ፣ በመንዳት፣ ሳይነዱ በሥራ ላይ። ባልና ሚስቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያየ ሰው የአንዱ መስመር ሲወጣ የሌላው ሲወርድ ያገኛል። ከአራቱ መስመሮች አንዱም «አብሮ መሆን» የሚል አይደለም። ሆኖም በደንቡ ውስጥ አንዲት ደግ አንቀጽ አለች፤ በመኝታው ላይ ቢያንስ 7 ሰዓት ተከታትሎ የቆየ ሾፌር፣ ወዲያው ከዚያ በፊት ወይም ወዲያው ከዚያ በኋላ፣ እስከ 3 ሰዓት ድረስ በሚሄደው መኪና ከነጂው ጎን ቢቀመጥ ይህ ጊዜ ሥራ ተብሎ አይቆጠርበትም፤ ከ10 ሰዓቱ ዕረፍት ይታሰብለታል። አንቀጹን የጻፉት ሹማምንት ስለ ጋብቻ ያሰቡ አይመስለኝም። ነገር ግን ባልና ሚስት ሁለቱም ነቅተው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ መስተዋት ጎሕ ሲቀድ የሚያዩባቸውን ሰዓቶች ሕግ ለክቶ እንደ ዕረፍት የቆጠረበትን ሌላ ስፍራ አላውቅም።

«ይህ ጋብቻ አይደለም፤ ሁለት ዘበኞች በአንድ ጎጆ በፈረቃ ሲጠብቁ ነው» የሚል ይኖራል፤ ነገሩም ከመሬት የተነሣ አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ግን በስደት አገር ካለው ቤታችን ገብቶ ይመልከት። ባል የሌሊት፣ ሚስት የቀን ሥራ ይዘው፣ ሕፃኑን በር ላይ እየተቀባበሉ፣ በማቀዝቀዣው በር በተለጠፈ ብጣሽ ወረቀት እየተነጋገሩ ዓመታት የሚያሳልፉ ባልና ሚስት በዋሽንግተንም በሚኒያፖሊስም በዳላስም አሉ። የእነዚያ ቤት ቆሟል፣ እነርሱ ግን አይገናኙም፤ የእነዚህ ቤት ይሮጣል፣ በመካከላቸው ያለው ግን አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። የትኛው ይሻላል ብባል የመጋረጃውን እመርጣለሁ። ሕፃን ልጅ ያላቸው ሰዎች ከዚህ ምርጫ ውስጥ አይገቡም፤ ልጅ በስልክ አያድግምና።

የነገሩ ሥር ግን ከዚህም ይጠልቃል። ሰው ሲተኛ ምን ያደርጋል? ሥልጣኑን ሁሉ ያስረክባል። ዐይኑን፣ ጆሮውን፣ ፈቃዱን፣ የመሸሽና የመከላከል ኃይሉን ትቶ እንደ ሙት ይጋደማል፤ እንቅልፍ የሞት ምሳሌ መባሉ፣ ምእመናንም ከመተኛታቸው በፊት ነፍሳቸውን በጸሎት አደራ መስጠታቸው ስለዚህ ነው። በቤቱ የተኛ ሰው ይህን አደራ ለእግዚአብሔርና ለበሩ መወርወሪያ ይሰጣል፤ በሚሮጥ ከባድ መኪና ውስጥ ለተኛው ግን በመካከል አንድ ሰው ገብቷል፤ ሕይወቱ በዚያች ሰዓት በሌላው ሰው የዐይን ሽፋሽፍት ላይ ተንጠልጥላለች። ቋንቋችን «አመነ» በሚለው አንድ ግስ እግዚአብሔርን ማመንንም ሰውን ማመንንም ይገልጻል፤ «አሜን» የምንለውም ቃል የዚያው ሥር ዘመድ ነው። በጸሎት ቤት የሚነገረው አሜንና ከመጋረጃው ኋላ የሚሰማው የከበደ ትንፋሽ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ደንቡ የመኝታው ርዝመት ከ75 ኢንች፣ ስፋቱም ከ24 ኢንች እንዳያንስ፣ መኪናው በድንገት ፍሬን ቢይዝም የተኛው ሰው እንዳይወረወር የሚያግድ ነገር እንዲኖረው ያዝዛል። የዛሬዎቹ መኪኖች ከዚህ የሰፋ መኝታ አላቸው፤ ባይኖራቸውም «ኑሮ ካሉት መቃብር ይሞቃል» እንዲሉ ጥበቱ ይለመዳል። ዘግይቶ የሚለመደው እንቅልፉ ነው። ብዙ ጀማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመንዳቱ ይልቅ የሚጨንቃቸው መተኛቱ ነው። ፍሬኑ ትንሽ ጠበቅ ሲል፣ ጎማው የመንገዱን ዳር ረግጦ ሲያጉረመርም፣ ልብ ትዘላለች፤ መጋረጃው ይገለጣል፤ «ምን ሆነ?» ይባላል፤ «ምንም» ይባላል። ነጂውም ተኚው እንዳልተኛ ያውቃል፤ አለመታመኑ ከጀርባው ይሰማዋል፤ ይህም ከተነገረ ስድብ ይልቅ ያቆስላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ ባልንጀራውን ባለማመን ሳይተኛ ያደረ ሰው ሲነጋ መሪውን የሚይዘው እንቅልፍ በተጫነው ዐይን መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አለማመን የፈራውን አደጋ ራሱ አምጥቶ ከደጅ ያቆመዋል።

ጌታችን በማዕበል መካከል በታንኳ ውስጥ ተኝቶ መገኘቱን በወንጌል እናነባለን። ደቀ መዛሙርቱ የፈሩት ማዕበሉን ብቻ አልነበረም፤ እንቅልፉንም ነበር። ቸል ያለ መሰላቸው። እርሱ ግን ነፋሱን ከገሠጸ በኋላ የእምነትን መጉደል ያገኘው በእነርሱ ንቃት ውስጥ ነበር። ይህን ታሪክ ሳስብ፣ ስለ ባልና ሚስቱ የጠየቅሁት ጥያቄ መልኩ ይለወጥብኛል። የሚነዳው የሚነቃው ለተኛው ነው፤ የተኛውም የሚተኛው ነገ ለሚተኛው ለመንቃት ነው፤ ስለዚህ ንቃቱና እንቅልፉ የአንድ ሥራ ሁለት ገጽ ናቸው። ሊቃውንቶቻችን ስለ ተዋሕዶ ሲያስተምሩ ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት ይላሉ፤ ይህን ታላቅ ምሥጢር ወደ ሾፌር ጋቢና ማውረድ ድፍረት ነውና አላደርገውም፤ ነገር ግን ከልጅነት ጀምሮ ይህን ቃል ለሰማ ጆሮ፣ ሁለት ሰዎች ሳይቀላቀሉም ሳይለያዩም አንድ ሊሆኑ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

ሌላም ነገር አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ ባልን የሚስት ራስ ባለበት ቃል ስንት ቤት እንደ ተዳኘ፣ ስንት ቤትም እንደ ተበደለ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚህ ጋቢና ውስጥ ግን ራስነት ከመሪው ጋር ይተላለፋል። መሪ የያዘ ፍጥነቱን ይወስናል፣ በዝናብ እንቁም ወይስ እንሂድ የሚለውን ይፈርዳል፤ የተኛው ባልም ቢሆን በዚያች ሰዓት ታዛዥ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ትእዛዝ መስጠት ቢያምረው የራሱን እንቅልፍና የሚስቱን ልብ ባንድ ጊዜ ያጠፋል። ይህ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ተሳቢውን ወደ ኋላ ሲያስገቡ ነው። የተሳቢው ጀርባ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው ወደ ቀኝ መዞር አለበት፤ ጀማሪ ሁሉ ይህን ከገዛ እጁ ጋር እስኪያስታርቅ ድረስ ያልበዋል። አንዱ ከመሪው ተቀምጦ ሌላው ወርዶ በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ የቆመው የሚያየውን የተቀመጠው አያይም፣ የተቀመጠው የሚሰማውን የቆመው አይሰማም፤ ቀድመው የደረሱት ሾፌሮችም ቡናቸውን ይዘው ይመለከታሉ። በዚህ ስፍራ ጠብ ቢነሣ አይደንቅም፤ ትዕቢትን ለማስታገሥ ግን ከዚህ የሚሻል ገዳም ያለ አይመስለኝም።

በአንድ ሙያ የተጠመዱ፣ አብረው የተሰደዱና አብረው የተጓዙ ባልና ሚስት በቅዱስ መጽሐፍ ቢፈለጉ አቂላና ጵርስቅላ ይገኛሉ። ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም ባስወጣ ጊዜ ወደ ቆሮንቶስ መጡ፤ ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበርና፣ ጳውሎስም ያንኑ ሙያ ያውቅ ስለ ነበር፣ ከእነርሱ ዘንድ ተቀምጦ ሠራ፤ ከዚያም እስከ ኤፌሶን አብረውት ተሻገሩ። ስማቸው በተጠራበት ስፍራ ሁሉ አንዱ ያለ ሌላው አይጠራም፤ በአንዳንዱም ስፍራ የእርሷ ስም ከእርሱ ስም ይቀድማል። ሊቃውንት ለዚህ ብዙ ምክንያት ፈልገዋል፤ እኔ ግን ድንኳን አብረው የሚሰፉ ሰዎች ስፌቱን ማን እንደ ጀመረው መቍጠር ይተዋሉ ብዬ አልፋለሁ።

ስለ ሰማንያም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በአገራችን በውልና በምስክር የሚጸናው ጋብቻ ሰማንያ ይባላል፤ ከቁርባኑ ጋብቻ የሚለየው መፍረስ መቻሉ ነው። መንገዱ ሰማንያ፣ ክብደቱ ሰማንያ ሺህ ፓውንድ፣ ጋብቻውም ሰማንያ ከሆነ፣ ሦስቱን ባንድነት የተሸከመ ሰው ምን ያህል ሸክም እንዳለበት አንባቢ ይፍረድ። ቀልዱ ቢቀር፣ የታመመ ትዳርን ለማዳን ብለው ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ሰዎች የሚሳሳቱ ይመስለኛል፤ ጋቢናው የተስማሙትን ያቀራርባል፣ የተኰራረፉትን ግን መሸሻ ያሳጣቸዋል፤ ጎረቤት የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ወጣ ብሎ ንዴትን የሚያበርዱበት ጓሮ የለ።

በበረዶው ወራት ይህ 80 ቁጥር መንገድ በዋዮሚንግ ላይ ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ ነፋሱም ቀላል ጭነት የያዘ ተሳቢ እስከ መገልበጥ ይደርሳል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ሁሉ ይማረራል፣ ጉዞውን ከቢሮ ሆኖ የሚያስተባብረው ዲስፓቸር መላልሶ ይደውላል፣ እንጆሪው ቀኑ ያልፍበታል። እኔ ግን ያች የሲራራ በቅሎ ከነድካሟ ተመልሳ የመጣች ይመስለኛል። ሽሮ በትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይንተከተካል፤ ስንቅ ተብሎ የተያዘው ዳቦ ቆሎ ይወጣል፤ መሪው ባለቤት ያጣል፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ነቅተው ይበላሉ፣ ባንድ ጊዜም ይተኛሉ። ደንቡም ይህን ፍላጎት በራሱ መንገድ ያውቀዋል፤ በ8 ቀን ውስጥ 70 ሰዓት የሠራ ሾፌር ከዚያ ወዲያ መንዳት አይፈቀድለትም፤ 34 ሰዓት ተከታትሎ ካረፈ ግን ሂሳቡ እንደ አዲስ ይጀመርለታል። ሾፌሮቹ «ሪሴት» የሚሉት ይህ ነው። 34 ሰዓት ከአንድ ሰንበት በ10 ሰዓት ይበልጣል፤ ይህን ጊዜ አንዱ ልብስ ሲያጥብ ሌላው ሲተኛ፣ አንዱ ስልኩን ሲያይ ሌላው ገበያ ሲወጣ ካሳለፉት፣ ሕጉ የሰጣቸውን የጋራ ዕረፍት ራሳቸው መልሰው በየተራ አደረጉት ማለት ነው። ቢቻላቸው ቤተ ክርስቲያናችን ባለባት ከተማ ይቁሙ፤ ተሳቢውን ከማቆሚያው ትተው ለቅዳሴ ይድረሱ፤ ባይቻላቸው አንድ ማዕድ ይቅረቡ።

ወደዚህ ሥራ ለመግባት የምታስቡ ባልና ሚስት፣ ለማሠልጠኛው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሌሊት በቤት መኪናችሁ ረጅም መንገድ ውጡ። አንዳችሁ ይንዳ፤ ሌላው ቀበቶውን አስሮ ከኋላ ወንበር ዐይኑን ይክደን፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተለዋወጡ። ሲነጋ ቡና ላይ እውነቱን ተጠያየቁ፤ ሁለታችሁም ተኝታችሁ ከነበረ ሂዱና ተመዝገቡ።